ሳላይ አልነፋም

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሞት መንገር ነው።

ምነው ፊታችሁን አጨማደዳችሁ? እውነቴን እኮ ነው። የእድር ጡሩምባ ነፊ ነበረ። ከዚህ ብዙም በማትርቅ ከተማ፣ ከብት ተራ በሚባል ሰፈር። ስሙን አልነግራችሁም። የሰፈሩ ሰውም ቢሆን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ጋሽ ጡሩምባ ነበር የሚሉት። ትንሹም ትልቁም፣ ቄሱ ሳይቀሩ፣ ጋሽ ጡሩምባ።

ጡሩምባ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ገና ጎህ ሲቀድ ያ ድምፅ ከወጣ ሰው ሁሉ አልጋው ላይ ቀጥ ይላል። «ማን ይሆን?» ይላል። ማማተብ ይጀምራል። ከዚያ ይሰማል፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእድር አባል የሆንክ፣ እትዬ እገሊት አርፈዋልና ለቀብር ስድስት ሰዓት ላይ ውጣ!»

አሁን ልጠይቃችሁ። ይህን ሰምቶ፣ «ቆይ እስቲ መጀመሪያ ላጣራ» ያለ ሰው ከመካከላችሁ አለ? ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ የለም! ነጠላችንን ዘቅዝቀን መውጣት ነው። ጡሩምባ አይዋሽማ። በሞት ማን ይቀልዳል?

ይህ ሰውዬ ደግሞ አንድ አመል ነበረው። «ሳላይ አልነፋም» ይል ነበር። ወይ አስከሬኑን በዓይኑ ያያል፣ ወይ ለቅሶ ቤቱ ድረስ ሄዶ ከሟች ቤተሰብ አፍ ይሰማል። ያለዚያ ጡሩምባውን ከተሰቀለበት ምስማር አያወርድም።

አንድ ጊዜ የእድሩ ዳኛ አቶ ምትኩ እየሮጡ መጡ። «አባ ዘርጋው ሆስፒታል እንደገቡ አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ነው፤ ቶሎ ንፋ!» አሉት። «ሳላይ አልነፋም» አለ። «ሰውዬ፣ እኔ ዳኛው ነግሬህ?» አሉ። «ዳኛም ይንገረኝ ጳጳስ፣ ሳላይ አልነፋም» አለና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። ሆስፒታል ሲደርስ አባ ዘርጋው ትራስ ተደግፈው አጥሚት እየጠጡ አገኛቸው። የሞቱት በአጠገባቸው የተኙ ሌላ ሰው ኖረዋል። አባ ዘርጋው ቀና ብለው አዩትና፣ «አንተ ጡሩምባ፣ ምን እግር ጣለህ? ሳልሞት ልትቀብረኝ ነው?» አሉት።

ሳቃችሁ አይደል? ከብት ተራም ስቋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሰውዬው ቃል እንደ መሐላ ሆነ። ሰው ሲከራከር፣ «ጋሽ ጡሩምባ ካላለ አላምንም» ይል ጀመር።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። ኋላ ትፈለጋለች።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው፤ አዜብ ትባላለች። ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ ባሏ ሹፌር ነው። ከብዙ ጸሎትና ከብዙ እንባ በኋላ፣ በፋሲካ ማግሥት ሴት ልጅ ወለደች። ማዕዶት አሏት። ለጋሽ ጡሩምባ የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ናት። አዜብ፣ አባቷ ሕፃኗን እንዲያያት ብላ ስልክ ገዛችለት፤ ያችን ምስል የምታሳየዋን።

እንግዲህ እሱ ለማዕዶት በስልክ ምን እንደሚያሳያት ገምቱ። ሌላ ምን ያውቃል? እጁን ጨብጦ አፉ ላይ ያደርግና፣ «ቱ! ቱ! ቱ!» ይላታል። እሷ ትፍነከነካለች። ቆይታ እሷም ለመደችው። ገና በቅጡ መቀመጥ ሳትችል፣ አያቷ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል፣ ያችን ጭብጥ የማትሞላ እጇን አፏ ላይ ታደርግና ትነፋለታለች። «ወራሼን አገኘሁ!» ይል ነበር።

ስልኩን በዚህ ለመደው። ለፍቅር ተገዝቶ የመጣ ስልክ ነው። ይሄን የምላችሁ በኋላ ስልኩን ብቻ እንዳትረግሙ ነው።

ዘመኑ ተለወጠና እድሩም ቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። ሰው አዲስ ኮንዶሚኒየም እየገባ ተበታትኗል፤ ጡሩምባ የማይደርስበት ብዙ ነው። አቶ ምትኩ፣ «ከእንግዲህ ጡሩምባውን ነፍተህ ስትጨርስ ግሩፑ ላይ ቮይስ ላክ» አሉት። ላከ። ያው ድምፁ፣ ያው «የሰማህ ላልሰማ አሰማ»፤ አሁን እስከ ኮንዶሚኒየሙ አምስተኛ ፎቅ ደረሰ። እዚህ ድረስ ምን ክፋት አለው? ምንም።

አንድ ሰሞን የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ሊጀመር ነው ተባለ። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ተናገሩ። «ሰኞ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቀበሌ አዳራሽ ኑ» አሉ። እናቶች እሺ አሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ጡሩምባ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የላከችለት የሚስቱ እኅት ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ጾመኛ፣ ጸሎተኛ ሴት ናት። ከፈተው። ፎቶ ነው። በነጭ ጨርቅ እስከ አንገቱ የተሸፈነ ሕፃን፤ ዓይኑ የተከደነ። ከሥሩ ጽሑፍ አለ፦ «ጨፌ በሚባል ገጠር ሦስት ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት በተከተቡ ዕለት ሞቱ። ወሬው እንዳይወጣ ተደብቋል። ለምትወዱት ሰው ላኩ።»

ለምትወዱት ሰው ላኩ! ተንኮሉን አያችሁት? ለጠላታችሁ ላኩ ቢል ማን ይልካል? ለምትወዱት አለ። ፍቅራችሁን ፈረስ አድርጎ ጋለበበት። ኧረ በስመ አብ! እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሰውዬው አለቀሰ። ማዕዶት ታየችው። ማልቀሱን አልነቅፍም፤ ሕፃን ሞተ ሲባል የማያለቅስ ምን ሰው ነው? ነገር ግን እንባው ሳይደርቅ ጣቱ ማይኩ ላይ አረፈ። በዚያ አገር ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ፣ ሞት በሚናገርበት ድምፅ፣ እንዲህ አለ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጨፌ ላይ ሦስት ሕፃናት በክትባት አርፈዋል! ልጅ ያለህ፣ በልጅህ ተጠንቀቅ!»

ላከው።

አስከሬን አይቷል? አላየም። ለቅሶ ቤት ሄዷል? አልሄደም። አንድ የሟች ዘመድ አነጋግሯል? አላነጋገረም። ያ «ሳላይ አልነፋም» ያለ ሰው፣ ዳኛ አስቸኩሎት እምቢ ያለ ሰው፣ የአንድ ሽማግሌ መሞት ሳያጣራ አልነፋም ያለ ሰው፣ የሦስት ሕፃን ሞት ከበረንዳው ሳይነሳ ነፋ! ምነው? ምን ነካው? ጡሩምባውን ለመንፋት ከምስማሩ ማውረድ ነበረበት። ስልኩ ግን እጁ ላይ ነው። አንዴ ጫን ማድረግ ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ እኛ መርዶ እንዴት እንደምንነግር ታውቃላችሁ። አገር ለቆ ለሄደ ሰው አባቱ ሲሞትበት ወዲያው ደውለን እንነግረዋለን? አናደርገውም። ሽማግሌ እንሰበስባለን። ማን ይናገር ብለን እንመካከራለን። በጠዋት እንሄዳለን፤ ሰውዬው በልቶ እንደሆነ፣ ብቻውን እንዳይሆን፣ ልቡ ደካማ እንደሆነ እናስባለን። ለአንድ ሞት ይህን ያህል እንጠነቀቃለን። እውነተኛ ለሆነ ሞት! ያልተረጋገጠ ሞት ግን ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን፣ ሂሳብ አምጣ እየተባልን፣ ለአገር ሁሉ እንበትነዋለን። ጉድ አይደለም? እናንተው ፍረዱ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኞቹ ቀበሌ አዳራሽ የክትባቱን ሳጥን ይዘው ቁጭ አሉ። ሰው የለም። አንዲት እናት ልጇን አዝላ በር ድረስ መጣችና ጎረቤቷ ከኋላዋ ጠራቻት፦ «አንቺ፣ ጋሽ ጡሩምባ ያለውን አልሰማሽም?» እናትየዋ እዚያው ዞረች። ሠራተኞቹ «እናስረዳሽ» አሉ፤ «ለእናንተማ ደሞዝ ይከፍሏችኋል» አለቻቸው። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው እንኳ ሚስቱን «እስቲ ትንሽ እንቆይ» ብሏታል አሉ።

አሁን የእኛ ሰውዬ ምን አደረገ መሰላችሁ? እዚህ ላይ ነው የእድር ሰው መሆኑ የታየው። ለቅሶ ሊደርስ ተነሳ! «ሦስት ሕፃን ሞቶ እንዴት ዝም እንላለን? እድራችን ሰው ይላክ እንጂ» አለ። አቶ ምትኩም፣ «እውነትህን ነው፤ አንተው ሂድልን» አሉት። ነጠላውን ዘቅዝቆ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ጨፌ ደረሰ። ድንኳን ይፈልጋል፤ ድንኳን የለም። የሙሾ ድምፅ ሊሰማ ጆሮውን ይጥላል፤ የሚሰማው የወፍጮ ቤት ሞተር ነው። ወደዚያው ሄደ። ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል።

«እንደምን ዋላችሁ እኅቶቼ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለቅሶ ቤቱ በየት በኩል ነው?» አላቸው።

«የማን ለቅሶ?» አሉት።

«የሦስቱ ሕፃናት።»

ይህን ጊዜ የሆነውን ላስረዳችሁ አልችልም። ሴቶቹ ጮኹ። «የማን ልጅ? የማን ልጅ ነው?» ስልቻው ወደቀ፣ እህሉ ፈሰሰ፣ ፊታቸው ዱቄት እንደለበሰ በየቤታቸው ሮጡ። እያንዳንዷ የሞተው የኔ ነው ብላ ነው የሮጠችው። ጋሽ ጡሩምባ ባዶ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከፈሰሰው እህል ጋር ቀረ። እስቲ አስቡት። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ መርዶ ነገራቸው፤ ያውም የሌለ መርዶ!

ትንሽ ቆይተው ልጆቻቸውን ታቅፈው ተመለሱ። ከፊት የምትመራው ወይዘሮ ድንቄ የምትባል ናት። ልጇን ወደ ፊቱ አቀረበችለትና፦

«ይኸው የሞተው! አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግንህ? የኛ ልጆች ከተከተቡ ሰነበቱ። ክንዳቸው ትንሽ አበጠ፣ አንዱ ተኮሰው፣ ሌላው ተነጫነጨ፣ አለቀ። ማነው የሞተ ያለህ?» አለችው።

ስልኩን አወጣ። ፎቶውን አሳያት። ወይዘሮ ድንቄ ስልኩን ነጥቃ አየችው፤ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

«ወለሉን አየኸው?» አለችው። «ሴራሚክ ነው። ጨፌ ውስጥ ሴራሚክ የተነጠፈበት ቤት ካገኘህ እኔ ድንቄ አልባልም! ይሄ የየት አገር ልጅ እንደሆነ፣ ሞቶ ይሁን ተኝቶ እንደሆነ፣ እሱ ይወቀው።»

ወለሉን አላየም ነበር። ዓይን ነበረው እኮ። ፎቶውን ደግሞ ደጋግሞ ነው ያየው። ስታለቅሱ ወለሉን አታዩም፤ የላከውም ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኖ ሁለተኛ ቮይስ ላከ። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጨፌ ሄጄ አየሁ። ማንም አልሞተም። ተሳስቻለሁ፤ ልጆቻችሁን አስከትቡ» አለ። ደግ አደረገ? አዎ፣ ደግ አደረገ። ግን ካፍ የወጣ አፋፍ። የፊተኛው ክንፍ አውጥቶ ሄዷል። አንዱ ከሥሩ የበገና ድምፅ አስገብቶበት ቲክቶክ ላይ ለቆታል። ሁለተኛውን የሰማው ሰውስ ምን አለ መሰላችሁ?

«አያችሁ! አስፈራርተውት ነው!»

እግዚኦ! ሳያይ የተናገረውን አመኑ፤ አይቶ የተናገረውን ካዱ! እኛ ሰዎች ምን ዓይነት ፍጥረት ነን? «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ትላላችሁ። ጥሩ ነው፣ ጠርጥሩ! ግን ክትባቱን ስትጠረጥሩ ስልኩን ለምን አትጠረጥሩም? ነርሷ ፊት ለፊታችሁ ናት፤ ቤቷን ታውቁታላችሁ፤ እናቷን ቀብራችሁላታል። ያንን የላከውን ሰው ግን ታውቁታላችሁ? መልኩን አይታችሁታል? ጥያቄ ካላችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ አሥር ጊዜ ጠይቁ፤ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። እናንተ ግን ሐኪሙን ጠርጥራችሁ ስም የሌለውን አመናችሁ።

ጥቂት ወራት አለፉ። ጋሽ ጡሩምባም ነገሩ ተረሳ ብሎ ተጽናና። አንድ ነገር ግን አላሰበም። አዜብ የእድሩ አባል አይደለችም፤ ግሩፑም ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ ወሬው እሷ ዘንድ ይደርሳል ብሎ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰበም። ጡሩምባ ከወንዙ ወዲያ አይሰማም፤ እሱ የሚያውቀው እንዲያ ነው።

አንድ ቀን አዜብ ደወለች። «አባዬ፣ ማዕዶት አሟታል፤ ሆስፒታል ነን» አለችው። በመጀመሪያው መኪና ሄደ።

ሲደርስ ሕፃኗ አልጋ ላይ ናት። ዓይኖቿ ቀልተው በዓይናር ተጣብቀዋል፤ ሰውነቷን ሽፍታ ወርሶታል፤ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ደረቷ ሲወጣና ሲወርድ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ሐኪሙ፣ «ኩፍኝ ነው፤ ሳንባዋ ገብቷል» አሉት።

ወደ ልጁ ዞረ። ተቆጣ። አባት አይደል?

«አዜብ! የዘጠኝ ወር ክትባቷን አላስከተብሻትም?»

አዜብ የማዕዶትን ልብስ አስተካከለች።

«አንቺን እኮ ነው! ምን ሆነሽ ነው ያላስከተብሻት?»

«አባዬ፣ አንተ ነህ እኮ» አለችው።

«እኔ ምን?»

ስልኳን አወጣችና ከፈተችለት። በገና ይሰማል። ከዚያ የሰው ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የሚያስፈራ፣ ሞት የሚናገር ድምፅ። ሰው የራሱን ድምፅ ከስልክ ሲሰማው ቶሎ አያውቀውም፤ ታውቁታላችሁ። «ይሄ ደግሞ ማነው?» አላት። ድምፁ ራሱ መለሰለት፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጨፌ ላይ ሦስት ሕፃናት...»

ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ።

«ቀጠሮዋ ደርሶ ነበር» አለች አዜብ። «ባሌ አስከትቢያት አለኝ፤ ተጣላሁት። ነርሷ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ፤ ስልኩን ዘጋሁባት። አንተን ደግሜ መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። አባቴን ከናንተ የበለጠ አውቀዋለሁ አልኳቸው። አባቴ ሳያይ አይነፋም አልኳቸው።»

አባቴ ሳያይ አይነፋም!

ሰማችሁ? ያቺ ልጅ የሞኝ ወሬ አላመነችም። ባለጌም አላመነችም። ያመነችው አባቷን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው እውነት፣ አባ ዘርጋውን ያዳነበት ያ እውነተኛነቱ፣ ውሸቱን ተሸክሞ የልጁ ቤት አስገባው። ውሸታም ሰው ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እስካሁን ያስደነግጠኛል።

ማዕዶት የአያቷን ድምፅ ሰማች። ዓይኗ አይገለጥም፤ ድምፁን ግን አወቀች። ያችን ትንሽ እጇን ከአልጋው አነሳች፤ ጨበጠቻት፤ አፏ ላይ አደረገቻት። ልትነፋለት ነው። ትንፋሽ ግን አልነበራትም።

በማግሥቱ አረፈች።

...

አታልቅሱ። ቆይ፣ አታልቅሱ፤ ገና አልጨረስኩም። ለቅሶ ብቻማ ያ ፎቶም አስለቅሷችኋል።

ሰውዬው ከቀብር መልስ ወደ ከብት ተራ መጣ። ጡሩምባውን ለአቶ ምትኩ አስረከበ። «አፌ ላይ ማድረግ አልችልም» አላቸው። እሳቸውም አልጠየቁትም። ግሩፑ ላይም ሦስተኛ ቮይስ አልላከም። ስልክ የበተነውን ስልክ እንደማይሰበስበው አይቷል።

ከዚያ በጠዋት እየተነሳ በእግሩ ይዞር ጀመር። ቤት ለቤት። ሕፃን ያለበትን ቤት ያንኳኳል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ጡሩምባ።»

እንግዲህ አስቡት። በጠዋት፣ ጋሽ ጡሩምባ በራችሁ ላይ ቢቆም ምን ትላላችሁ? ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ስታየው ደረቷን ትመታለች። «ወይኔ! ወይኔ ልጄ! ማን ሞተብኝ?» ትላለች። ጎረቤት ይወጣል። እሱም እጁን ያነሳል፦

«ማንም አልሞተም። ተረጋጊ፣ ማንም አልሞተም። ልጅሽን አስከትቢ ልልሽ ነው። ማንም ሳይሞት ነው የመጣሁት።»

አንዷ ታዲያ ደፋር ናት፤ ቀበሌ አዳራሽ በር ላይ ደርሳ የተመለሰችው እናት ነች አሉ። «ጋሼ፣ አትቀየመኝና፣ አሁንስ አይተህ ነው? ወይስ አስፈራርተውህ ነው?» አለችው።

ሰውዬው «አይቻለሁ» አለ። «የልጄን ልጅ በእነዚህ እጆቼ ገንዣታለሁ። አሁን አይቼ ነው።»

ሴትዮዋ ልጇን አዘለች። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች። እሷን ያዩ ተከተሉ።

አሁን ወደ እናንተ ልዙር። ወዴትም አትዩ፤ ወደ እናንተ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ስልክ ያልያዘ ሰው አለ? እንግዲያው ሁላችሁም ጡሩምባ ነፊዎች ናችሁ! እድር ያልመረጣችሁ፣ ዳኛ ያልሾማችሁ ጡሩምባ ነፊዎች። አንቺ እናት ነሽ፤ ልጆችሽ ያምኑሻል። አንተ መምህር ነህ፤ ተማሪዎችህ ያምኑሃል። እናንተ የንስሐ ልጆቼ፣ ጎረቤቶቻችሁ «እነሱማ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው፣ አይዋሹም» ይሏችኋል። ይህ እምነት የማን ነው? እግዚአብሔር በአደራ የሰጣችሁ አይደለም? በሐሰት አትመስክር የተባለው ፍርድ ቤት ለሚቆም ሰው ብቻ ይመስላችኋል?

«እኔ እኮ አልጻፍኩትም፤ የመጣልኝን ነው የላክሁት» ትላላችሁ። ጋሽ ጡሩምባም አልጻፈውም። «በቅንነት ነው» ትላላችሁ። እሱም በቅንነት ነው። ማዕዶት ግን ሞታለች።

ስለዚህ ሞት የሚያወራ ነገር ሲመጣላችሁ ጣታችሁን ከስልኩ ላይ አንሡ። ወለሉን እዩ! ማን አየ? የት ነው ለቅሶ ቤቱ? የሟች አባት ማን ይባላል? በሉ። መልስ ከሌለው ከእናንተ አይለፍ። እናንተ ዘንድ መጥቶ ይሙት።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ልጨርስ። ከዚህ በፊት የላካችሁ አላችሁ። አውቃለሁ፤ ስማችሁን አልጠራም፤ ለእኔም የላካችሁልኝ አላችሁ። አሁን ስልካችሁን አውጥታችሁ «ይቅርታ፣ ስህተት ነበር» ብላችሁ እንዳትጽፉ። አይሰማም! በእግራችሁ ሂዱ። ነገ በጠዋት፣ መርዶ ነጋሪ በሚሄድበት ሰዓት ሂዱና የላካችሁለትን ሰው በር አንኳኩ። ሕፃን ካለበት ቤት ጀምሩ።

ይደነግጣሉ። ይደንግጡ! «ምነው በጠዋት? ማን ሞተ?» ይሏችኋል።

«ማንም አልሞተም» በሏቸው።

ይህን ለማለት የምትችሉት ግን አሁን ነው።